ሽፍታ ወጣበት

አማርኛችን ሲጻፍ የሚደበቅ፣ ሲነገር ግን የሚገለጥ ነገር አለው፤ እሱም ማጥበቅና ማላላት ነው። «ገና» ብለን ስንጽፍ «ና»ን ካጠበቅናት በዓሉ ነው፤ ካላላናት ደግሞ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። ፊደሉ ግን አንድ ነው።

በነርስነት ዘመኔ ይህ ጉዳይ ከቃላት ጨዋታ ያለፈ ነበር። «ማታ ማታ ያማል» የሚለውን «ማ»ን አጥብቆ ያነበበ ስለ ሕመም ይረዳል፤ ያላላ ግን ሰው የሚያማ ሐሜተኛ ይመስለዋል። «ሳል አለ»ም እንዲሁ ነው፤ ሳሉ መኖሩን ነው ወይስ በሽተኛው መናገሩን?

የባሰው «ሽፍታ» ነው። ጫካ የሚገባው ሲነገር በሁለት ይከፈላል፦ ሽፍ-ታ። ቆዳ ላይ የሚወጣው ግን በሦስት፦ ሽፍ-ፍ-ታ። በእኛ አገር ለቆዳ ሕመም ብሎ ወንዛዬ ፍል ውኃ የሚወርድ ሰው ስለማይጠፋ ቃሉ ከአፋችን አይለይም። አንድ ጊዜ ከገጠር ጤና ኬላ በመጣ ወረቀት ላይ «መንገድ ላይ ሽፍታ ወጥቶበታል» የሚል ተጽፎ ነበር። የተቀበለው ጀማሪ ባለሙያ ደንግጦ «ጥይቱ የት ጋ መታው?» ሲል ጠየቀ። አባትየው «ኧረ ልጄ፣ የሚያሳክከው ነው እንጂ!» አሉት። ሳቅን፤ ግን አስታማሚ አብሮ ባይመጣስ?

የጥንት መምህራን ይህን ያውቁት ነበር። በንባብ ቤት ተማሪው የግእዙን ቃል ተነሽ፣ ተጣይ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ እያለ ይለያል፤ ድምፁን የት እንደሚያነሣና የት እንደሚጥል የሚማረው ከመምህሩ አፍ ነው። ሁለት ቃላት ሲናበቡም በአንድ ትንፋሽ ይነበባሉ። «ደብር» «ደብረ ታቦር» ሲሆን፣ «ቤት»ም «ቤተ ልሔም» ሲሆን እንዲሁ ነው። ከተማችንና የጋይንቱ የድጓ ምስክር ቤት ስማቸውን ያገኙት በዚህ መንገድ ነው።

ዛሬ ልጆቻችን ፊደሉን ስልክ ላይ ያዩታል እንጂ ብዙም አይሰሙትም። ስለዚህ ወላጆች፣ ማታ ማታ አንድ ገጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ እነሱም መልሰው ያንብቡላችሁ። ጤና ጣቢያ ያላችሁ ልጆቼ ደግሞ አሻሚ ቃል ስትጽፉ አንዲት ቃል ጨምሩበት፤ «የቆዳ ሽፍታ» በሉ። ወረቀቱን የሚያነበው ሰው ድምፃችሁን አይሰማምና።