መብራት መጣ፤ መስመሩስ?

በምሥራቅ ጎጃም የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በግንደወይን፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሰፈሩ ልጆች በአንድ ድምፅ «መጣ!» ብለው ይጮኻሉ። ጩኸቱ የአገር ሁሉ ነው፤ በብቸናም፣ በሞጣም፣ በአዲስ አበባም ይሰማል። ይሁንና ቃሉ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። አምፖሉ በቅጽበት ቢበራም፣ ራውተር የምትባለዋን ትንሽ ሣጥን ገና ብዙ ሥራ ይጠብቃታል።

ቀድሞ ነገሩ እንዲህ አልነበረም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894፣ ሐረርን ከአዲስ አበባ ለማገናኘት መዘርጋት የጀመረው የስልክና የቴሌግራፍ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። ከዚያ ወዲህ በየቢሮውና በየቤቱ የገባው ባለመዳብ ሽቦ ስልክ ደግሞ ኃይሉን ያገኝ የነበረው ከቤቱ ቆጣሪ ሳይሆን ከስልክ ማዕከሉ ባትሪዎች ነው፤ 48 ቮልት ገደማ የሆነው ቀጥተኛ ኃይል ድምፁን በሚያመላልሰው በዚያው ሽቦ ይደርሰዋል። ስለሆነም ከተማው በጨለማ ተውጦ ሳለ ስልኩ ያቃጭል ነበር። የዛሬዋ ሣጥን ግን ከግድግዳው ሶኬት ኃይል ካላገኘች ድምፅ የላትም። በዚህ ረገድ አሮጌው ከአዲሱ ይሻል ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለመሆኑ መብራት ሲመለስ በሣጥኒቱ ውስጥ ምን ይካሄዳል? በመጀመሪያ ከማኅደረ ትውስታዋ የሥራ መመሪያዋን ታነባለች። ቀጥላ መስመሩን ትፈልጋለች፤ በወዲያኛው ጫፍ ካለው መሣሪያ ጋር ትግባባለች። ከተግባባች በኋላ የደንበኛውን መለያ ስምና የይለፍ ቃል ለማዕከሉ ታቀርባለች፤ ማዕከሉም አድራሻ የሚሆናትን ቁጥር ይሰጣታል። በመጨረሻም እሷ በተራዋ ለቤቱ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች፣ አብዛኛውን ጊዜ በ192.168 የሚጀምሩ ቁጥሮችን ታድላለች። ከእነዚህ አንዱ ከተሰናከለ ኢንተርኔት የለም። ስልኩ ላይ ያለው የዋይፋይ ምልክት ሙሉ ሆኖ መታየቱ ሰውን የሚያታልለውም እዚህ ላይ ነው፤ ምልክቱ የሚናገረው በስልኩና በሣጥኒቱ መካከል ስላለው ጥቂት ክንድ ርቀት እንጂ ከዚያ ወዲያ ስላለው ዓለም አይደለም።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር የተማሪዎቹን የፈተና ምዝገባ በዚያው ሌሊት አጠናቆ መላክ ነበረበት። መብራት ጠፋ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመለሰ፤ ገጹ ግን አልከፈት አለ። የጎረቤት ወጣት መርፌ ይዞ መጣ።

«መምህር፣ ከኋላዋ ያለችውን ቀዳዳ ጫን ያድርጓት፤ ወዲያው ትስተካከላለች።»

«ቆይ ልጄ፤ መጀመሪያ መብራቶቿን እንያቸው።»

ያ መርፌ ቀላል ነገር አልነበረም። ቀዳዳዋ ውስጥ ያለው ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ ከተያዘ ሣጥኒቱ ከፋብሪካ እንደወጣችበት ቀን ትሆናለች፤ መለያ ስሙም የይለፍ ቃሉም ይደመሰሳሉ። መምህሩ ሁለቱን የጻፈበትን ወረቀት የት እንዳኖረው አያስታውስም። ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ የምዝገባው ቀን ያልፋል፤ የሚጎዱትም በስም የሚያውቃቸው ልጆች ናቸው።

የኃይሉ መብራት ፀንቶ በርቷል። የመስመሩም አይርገበገብም፤ ፀንቷል። የኢንተርኔቱ ብቻ ጠፍቷል። እንግዲህ ሽቦውም ሣጥኑም ደህና ናቸው ማለት ነው፤ የቀረው የማዕከሉ ፈቃድ ነው። ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ሣጥኒቱ ሳትሰናበት ስለምትጠፋ፣ ማዕከሉ አሮጌው ግንኙነት ገና እንዳለ ቆጥሮ አዲሱን ጥያቄ ለጊዜው ሊመልስ ይችላል። መምህሩ ሶኬቱን ነቅሎ ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቀ። ወጣቱ በትዕግሥት ማጣት ይቁነጠነጥ ነበር። መልሶ ሲሰካት ሦስተኛው መብራት በራ፤ ስሞቹም ከእኩለ ሌሊት በፊት ተላኩ። በማግሥቱ ወረቀቱ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ ተገኝቶ ከቀን መቁጠሪያው ጎን ተለጠፈ።

ሶኬት ነቅሎ መቆየት ሌላም ጥቅም አለው። መብራት በተመለሰባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች ኃይሉ ከተለመደው 220 ቮልት ከፍና ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ አዳፕተሮች ብዙ ጊዜ የሚቃጠሉት በዚያን ጊዜ ነው።

የሞባይል ማማዎችም ቢሆኑ ከዚህ ጣጣ ነጻ አይደሉም። መብራት ሲጠፋ ባትሪ ወይም ጄነሬተር ያቆያቸዋል፤ ያ ሲያልቅ ዝም ይላሉ። መብራት ሳይጠፋ የሚመጣ ዝምታም አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ አምፖሉ እየበራ፣ የስልኩ ምልክትም ሙሉ ሆኖ እየታየ፣ አንዲት ፊደል እንኳ አታልፍም ነበር። ሣጥኑን አጥፍቶ ማብራት፣ መርፌ መፈለግ፣ ሲም ካርድ አውጥቶ በጨርቅ መጥረግ ለዚያ ዝምታ አልፈየደም፤ ሆኖም ብዙ ሰው ሲም ካርዱን ደጋግሞ ጠርጓል።