«ኤርፖርት ማን ይቀበልሃል?»

አሜሪካ ለሚሄድ ሰው ከቪዛው ቀጥሎ የሚቀርብለት ጥያቄ ይህ ነው። «በምን ትገባለህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ በዘመድ መኪና እንደሚገባ የታወቀ ነዋ! ተቀባይ ያልወጣለት እንደሆነ ደግሞ ወሬው ከእሱ ቀድሞ አዲስ አበባ ይገባል። እኔ ግን፣ ቢያንስ ዋሽንግተንን በተመለከተ፣ ይህ ልማድ ጊዜው አልፎበታል ባይ ነኝ።

ልማዱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ደለስ ኤርፖርት ያለው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን መሀል ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው። በ1962 ተከፍቶ እስከ 2022 (ሁሉም በፈረንጆቹ ነው) 60 ዓመት ሙሉ ባቡር የሚባል ነገር አልነበረውም። ታክሲ ከተማ ድረስ ከ60 ዶላር በላይ ያስከፍላል፣ ጉርሻው ሳይቆጠር። አዲስ የመጣ ሰው ያንን ከየት ያመጣል? ስለዚህ ወገን ለወገኑ ወጣ። ደግ ነው።

አሁን ግን የዚያን «ነጻ» ግልቢያ ዋጋ እናስላ። የአዲስ አበባው በረራ ብዙ ጊዜ ጠዋት ነው የሚያርፈው። ተቀባዩ ሺፍቱን ለጓደኛው ሰጥቷል፣ ወይም ከሌሊት ሥራ ወጥቶ ሳይተኛ መሪ ጨብጧል። እንግዳው የኢሚግሬሽን ሰልፍ ላይ ነው፤ ሰልፉ አንዳንዴ ሰዓት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ተርሚናሉ በር ላይ መኪና አቁሞ መጠበቅ ስለማይቻል ተቀባዩ ስልክ መጠበቂያው ቦታ ቁጭ ብሎ ያንቀላፋል። በመጨረሻ «ወጣሁ» «የትኛው በር?» «ሰው የበዛበት ጋ» ይጀመራል። ሲመለሱ ደግሞ ወደ ከተማ የሚያስገባው 66 አውራ ጎዳና በሥራ ቀን ጠዋት ክፍያው እንደ መጨናነቁ ይንራል። ይህን ሁሉ እንግዳው አያውቅም፤ ማንም አይነግረውም፤ መንገርም ነውር ነው።

በኖቬምበር 2022 ግን ሲልቨር ላይን የሚባለው የዋሽንግተን ሜትሮ ባቡር መስመር ደለስ ደረሰ። ከተርሚናሉ በምድር ውስጥ መተላለፊያ በእግር ይደረስበታል፤ ሊፍትም አለው። ከአሥር ዶላር ባነሰ ሒሳብ፣ በአንድ ሰዓት አካባቢ መሀል ከተማ ያስገባል። ከ2025 ወዲህ የባቡሩን ካርድ መግዛት እንኳ ግድ አይደለም፤ ንክኪ ያለው የባንክ ካርድ በሩ ላይ ማስጠጋት ይበቃል። ስሙ ግን እንዳያሳስታችሁ፦ ሲልቨር ላይን ሲልቨር ስፕሪንግ አይሄድም። የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ሜትሮ ሴንተር ላይ ወርዶ ወደ ግሌንሞንት የሚሄደውን ቀይ መስመር ይይዛል። የአሌክሳንድሪያ ሰው ሮስሊን ላይ ወደ ሰማያዊው ይቀይራል።

«ሻንጣውስ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው። ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ፣ በርበሬና ሽሮ እስከ አፉ የታጨቀ፣ በላዩ የእጅ ቦርሳ፣ ያውም ሰው ሁሉ ሥራ በሚገባበት ሰዓት፣ ባቡር ላይ ቅጣት ነው። እንዲህ ከሆነ ታክሲ ያዙ። የሌሊት መንገደኛም ምርጫ የለውም፤ ሜትሮው ሌሊት ይዘጋል።

ታክሲ ስትይዙ ከውጭ ካለው ሰልፍ፣ ቆጣሪ ያለውን ያዙ። ዋሽንግተን ስለሆነ ሾፌሩ ያገራችሁ ሰው የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ እስክትደርሱ ስለ ቤት ኪራይ በቂ ትምህርት ታገኛላችሁ። መውጫው በር ላይ ቆሞ «እህቴ፣ ታክሲ ፈለግሽ?» እያለ የሚጠጋውን ግን በትሕትና እለፉት። አማርኛ መናገሩ ፈቃድ አይሆነውም። እንዲያውም ባማርኛ ሲለምን እምቢ ማለት ስለሚከብደን ነው የሚሳካለት። ኡበር ለምትጠሩ አንድ ነገር ብቻ፦ መተግበሪያውን ቦሌ ሳትሳፈሩ ጭናችሁ ጨርሱ። የማረጋገጫው ቁጥር በኢትዮ ቴሌኮም ስልካችሁ ስለሚላክ እዚያ ስትደርሱ መስመሩ ላይሠራ ይችላል።

ለእናትና ለአባት ይህ ሁሉ አይሠራም። እንግሊዝኛ የማይችሉ፣ እግራቸው ያበጠ፣ አሥራ ምናምን ሰዓት የተቀመጡ እናትን ባቡር ቀይሩ የሚል የለም። ለእሳቸው ሺፍት ይቀየር፣ በሩ ላይ አበባም ይያዝ።

እኔ የምለው የሠላሳ ዓመት ወጣት፣ አንድ ሻንጣ ይዞ ለስብሰባ ወይም ለሠርግ የመጣ፣ ስልኩ የሚሠራለት ሰው ነው። ለእሱም ቢሆን ዘመዱ ጭራሽ አይምጣ አላልኩም። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ያለው ኪንግ ስትሪት ጣቢያ ድረስ በባቡር ይምጣ፤ ከዚያ የሰፈሩ ሰው በአሥር ደቂቃ ደርሶ ይውሰደው። ይህን ሐሳብ ላንድ ታላቄ ነግሬው «ታዲያ ፎቶውን የት ልንነሣ ነው?» አለኝ። ጣቢያው ፊት ለፊት ቦታ ሞልቷል አልኩት፤ እያሰበበት ነው።