ባና የለበሰው ጋን

የደብረ ብርሃን ብርድ ለጠላ ጠማቂ አይመችም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳር ሌሊት ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ያድራል። ጠላ እንዴት እንደሚጠመቅ ያየሁት በዚህ ብርድ ውስጥ፣ በአያቴ ጓዳ ነው። እማማ እንላት ነበር። በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል የማኅበር ጠላ ትጠምቃለች። ብቅሉን ማብቀሉም ጌሾውን መውቀጡም ለእሷ ቀላል ነበር፤ ልቧን የሚይዘው ጋኑን በልኩ ማሞቁ ነው።

ጋኑ አስቀድሞ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ከዚያ የተወቀጠው የጌሾ ቅጠል በውሃ ይጠነሰሳል። ቆላ ላይ በሁለት ቀን የሚደርስ ጥንስስ ደብረ ብርሃን ላይ አራትም አምስትም ቀን ይቆያል። እማማ ጋኑን ከምድጃው አጠገብ አስጠግታ የመንዝ ባና ታለብሰዋለች። እኛ ልጆች ማታ ማታ የምንሻማበት ባና ያን ሰሞን የጋኑ ነው፤ ማንም አያጉረመርምም። እሳቱን ከማዳፈኗ በፊት እጇን ከባናው ሥር ሰድዳ የጋኑን ሆድ ትዳብሳለች። ከቀዘቀዘባት ፍሙን ወደ ጋኑ ትገፋለች፤ ከሞቀባት ባናውን ከላዩ ገለጥ ታደርጋለች።

አንዳንዴ ትጠራኛለች። «ና እስቲ፣ ጆሮህን አስጠጋ ልጄ። ይሰማሃል?»

ይሰማኛል። በሣር ክዳን ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ያለ ደቃቅ ድምፅ ነው። ያ ድምፅ ከሳሳ ብርዱ እየረታ ነው ማለት ነው፤ ፍሙ ይጨመራል።

እኔ አብልጬ የምወደው ግን የእንኩሮውን ቀን ነበር። የአሻሮው ዱቄት በውሃ ታሽቶ ምጣድ ላይ ሲታመስ ሽታው እስከ ደጅ ይደርሳል። ትኩሱን እየቆነጠርን እንበላለን፣ እማማም አትከለክለንም። ወደ ጋኑ ማስገባቱ ላይ ግን ቀልድ የለም። እንኩሮው ሰሌን ላይ ተበትኖ በደንብ እስኪበርድ ይጠበቃል። ታላቅ እህቴ አንድ ጊዜ ቸኩላ ልትጨምር ስትል እማማ እጇን ያዘቻት፦ «ተይ! ትኩሱን ከጨመርሽበት ትገድይዋለሽ!»

እውነቷን ነበር። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ሙቀቱ ወደ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ይሞታል። እማማ ሳይንሱን አልተማረችም፤ ጋኑ ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር እንዳለ ግን ታውቅ ነበር።

አክስቴ ሸዋ ሮቢት ተድራ ነበር። ክረምት ላይ እሷ ዘንድ ስንሄድ ጣልያን የሠራውን የጣርማ በር ዋሻ አልፈን፣ ደብረ ሲናን ወርደን፣ ፍጹም ሌላ አገር እንገባለን። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሙቀቷ ያስጨንቃል። አክስቴ ጠላዋን የምትጠምቀው በእናቷ ሙያ ቢሆንም የምታደርገው ሁሉ ተቃራኒ ነው። ጋኑ ከቤቱ ሁሉ ቀዝቃዛ በሆነው ጥግ ይቀመጣል፤ የሚለብሰውም እርጥብ ጆንያ ነው። ውሃው እየተነነ ሲሄድ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል፤ ጆንያው ሲደርቅ ደግሞ እንደገና ይረጫል። ብዙ ጠላ ስትጠምቅ በአንድ ትልቅ ጋን አታደርገውም፣ በትናንሽ እንስራ ትከፋፍለዋለች። ምክንያቱ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። እርሾ ሲሠራ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ ትልቅ ጋን ያንን ሙቀት አፍኖ ይይዛል፣ ትንሽ እንስራ ግን በቶሎ ይበርዳል። ሙቀት ሲበዛ እርሾው ይጣደፋል፤ ጉሮሮ የሚያቃጥል ከባድ አልኮል ያወጣል። ጠላን የሚያመጥጡት ባክቴሪያዎችም ያን ጊዜ ይበረታሉ። የአክስቴን ጠላ የቀመሰ ሰው ቆላ ላይ መጠመቁን አይጠረጥርም ነበር፤ እኔ እስከ ዛሬ ከእናቷ ሙያ አላሳንሰውም።

ኋላ ስለ ቢራ ሳነብ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን የተባለ ሰው በ1883 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ውስጥ የላገር እርሾን ለይቶ በንጽሕና ማባዛቱን ተረዳሁ። የላገር እርሾ ከ7 እስከ 13 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ በዝግታ ይሠራል። እማማ ስትታገለው የኖረችውን ብርድ ይወደዋል ማለት ነው! ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ የሐበሻ ቢራ ፋብሪካ አለ። እንዲህ ያሉ ፋብሪካዎች ግዙፍ ጋኖቻቸውን የሚያቀዘቅዙት ዙሪያቸውን በሚዞር ቀዝቃዛ ፈሳሽ ነው። ሥራው የአክስቴ ጆንያ ሥራ ነው።

የላይኛው እርሾ የሚባለው፣ ቤት ውስጥ ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች የሚያዘወትሩት፣ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ አካባቢ ይስማማዋል። ይህን ለማወቅ ቴርሞሜትር መግዛት ይበቃል። የጋንን ሆድ ዳብሶ ማወቅ ግን የሚገዛ አይደለም፤ እየጠፋም ነው። ጠላ የምትጠምቅ እናት ወይም አያት ያላችሁ፣ በሚመጣው በዓል ጥንስሱ ሲጣል አብራችኋት ጓዳ ግቡ። ጋኑን መቼ እንደምታለብሰው፣ መቼስ እንደምትገልጠው ጠይቋት፤ የነገረቻችሁንም ጻፉት።