ጥምቀት የዋለበት ሰኞ በሲያትል

የሲያትል የጥር ዝናብ አያባራም። እንደ እኛ ሐምሌ ዶፍ አይወርድም፤ ጠዋት የጀመረ ካፊያ እስከ ማታ ሲያርስ ይውላል። ልጄን ልጠይቅ በሄድኩበት ዓመት ጥምቀት ሰኞ ዋለ። እነርሱ ዘንድ ደግሞ የጃንዋሪ ሦስተኛው ሰኞ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ነው። ትምህርት ቤትም መሥሪያ ቤትም ዝግ ነው። ነጭ ልብሴን ከሻንጣ አውጥቼ ስተኩስ የአሥራ አምስት ዓመቷ የልጅ ልጄ መጣችና «እማማ፣ ዛሬ ከእኔ ጋር ሰልፍ ትወጫለሽ?» አለችኝ።

ሰልፍ ሲባል የሚሰማንን የእኔ እኩዮች ታውቁታላችሁ። በ1969 እና በ1970 ወጣት ከነበርነው መካከል፣ ወጥቶ ያልተመለሰ ጎረቤት የሌለው ብዙ አይገኝም። እናትየዋም ከማድ ቤት ሆና «እኛ እንግዶች ነን፤ የሰው አገር ጉዳይ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገን» አለች። ልጅቷ «እኔ እንግዳ አይደለሁም፣ እዚህ ነው የተወለድኩት» ብላ መለሰች። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔም ካውያውን ነቀልኩና «ካልሲ ደርቢ፣ እንሄዳለን» አልኳት።

ይህን ያስባለኝ ከሦስት ቀን በፊት ያጋጠመኝ ነገር ነው። ልጄ ደም ግፊቴን ለማስለካት ክሊኒክ ወስዳኝ ነበር። ነርሷ ጠረጴዛው ላይ ስልክ አኑራ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ከውስጡ «ጤና ይስጥልኝ፣ አስተርጓሚዎ ነኝ» የሚል ጥርት ያለ አማርኛ ወጣ። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ሳለ እርሷን አላስተረጉም አሉ። ስንት ያስከፍላል ብዬ ብጨነቅ ነጻ ነው ተባልኩ። ልጄ ሆስፒታል ስለምትሠራ ነገሩን አስረዳችኝ። በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ማንንም በዘሩ፣ በቀለሙ ወይም በመጣበት አገር ምክንያት እንዳያገል ይከለክላል። ቋንቋ ስላልቻለ ሕክምናው የጎደለበት ሰውም በመጣበት አገር ምክንያት እንደተገለለ ይቆጠራል። ስለዚህ አስተርጓሚ የማቅረቡ ግዴታ የተቋሙ እንጂ የታማሚው አይደለም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ገና በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት በደቡብ በኩል አንድ ጤና ጣቢያ ተመድቤ ነበር። አንዲት እናት ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ይዛ መጣች። ወላይትኛ እንጂ አማርኛ አትችልም፤ እኔ ደግሞ ወላይትኛ አልችልም። የኦአርኤስ ከረጢት ሰጠኋትና አንዱ በአንድ ሊትር የተፈላ ውሃ እንደሚበጠበጥ ነገርኳት። አልገባትም። ድምፄን ጨምሬ ደገምኩላት፤ ብጮህ የሚገባት ይመስል። በኋላ ራሷን ነቀነቀች፣ እኔም «ቀጣይ» አልኩ። የጤና ጣቢያው ዘበኛ ቋንቋውን አቀላጥፎ ይናገር እንደነበር አውቃለሁ፤ በር ላይ ነበር፣ አልጠራሁትም። ሴትየዋ ሙሉውን ከረጢት በአንድ የቡና ሲኒ ውሃ በጥብጣ ሰጠችው። ነርስ የሆናችሁ ይህ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ ጨዉ ከልክ አልፎ ሕፃኑ በማግስቱ እየተንቀጠቀጠ ተመለሰ። ሦስት ቀን ተኝቶ ዳነ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። መዝገቡ ላይ ያረፈው «እናት መመሪያ አልተከተለችም» የሚል ነው፤ የጻፍኩትም እኔው ነኝ።

ሰልፉ የሚነሳው ሴንትራል ዲስትሪክት ከሚባለው ሰፈር፣ 23ኛው ጎዳና ላይ ካለው ጋርፊልድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ሙዚቀኛው ኩዊንሲ ጆንስ የተማረው እዚያ ነው። ኪንግም በኖቬምበር 1961 ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ሲያትል በመጡ ጊዜ ንግግር ካደረጉባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ጠዋት በየክፍሉ ውይይት ነበር፤ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ፖሊስ፣ ስለ ትምህርት። ቀጥሎ በስፖርት አዳራሹ መዝሙርና ንግግር ሆነ፤ ከዚያ ወደ መንገድ። ከበሮ የያዙ የአገሬው ነባር ሕዝቦች፣ ፊሊፒኖዎች፣ ሜክሲኮዎች፣ ጋሪ የሚገፉ ወላጆች፣ የሠራተኛ ማኅበራት ባነር። ፖሊሶቹ መኪና ያስቆማሉ እንጂ ማንንም አይነኩም። እኔ ግን ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት መውጫ መንገድ ስፈልግ ነበር፤ ልማድ አይለቅም። ሻይ ብለው በወረቀት ኩባያ የሰጡን ነገር ለብ ያለ ውሃ ነበር፤ ያም ሆኖ እጅ ያሞቃል።

ከፊታችን አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አዛውንት በምርኩዝ ይሄዱ ነበር፤ ሰማንያ ሳይሞላቸው አይቀርም። አረማመዳቸውን አይቼ ዳሌያቸው እንደሚያማቸው ስላወቅሁ ክንዳቸውን ያዝኩ። ነጠላዬን ዳሰስ አድርገው ስለ በዓሉ ጠየቁኝ፤ የልጅ ልጄ አስተረጎመችልን። እሳቸውም ያደጉት እዚሁ ሰፈር ነው። አባታቸው ገንዘብ ይዘው በሌላ ሰፈር ቤት ሊገዙ ቢሄዱ ሻጩ ገና ሲያያቸው በሩን ዘጋ። ያን ጊዜ በብዙ ሰፈር የቤቱ ውል ላይ ለጥቁር እንዳይሸጥ የሚል አንቀጽ ይጻፍ ነበር። በ1964 ከተማዋ አድልዎውን ለመከልከል ድምፅ ብታሰጥ ሕዝቡ ከሁለት እጥፍ በላይ በሆነ ድምፅ ጣለው። ሕጉ የጸደቀው ኪንግ በኤፕሪል 1968 ከተገደሉ ከ15 ቀን በኋላ ነው። አሁን ደግሞ ሰፈሩ ተወደደና የሴትዮዋ ልጆች ወደ ደቡብ ርቀው ሄደዋል። ይህን ሲናገሩ ሳቁ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም።

ከትምህርት ቤቱ አለፍ ብሎ ቸሪ ጎዳና ላይ የእኛ ምግብ ቤቶች አሉ። ስደተኛው ሲመጣ ኪራይ የተገኘለት፣ ሰውም የተቀበለው በዚህ ሰፈር ነበር። «የሰው አገር ጉዳይ» የሚለው የልጄ ቃል እዚያ ስደርስ ትዝ አለኝ። ለመምጣት በር የከፈተው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግም የወጣው በዚያው የትግል ዘመን ነው። ይህን ማታ ነገርኳት። «አውቃለሁ እማዬ፤ ልጄ እንዳትጎዳብኝ ነው እንጂ» አለችኝ። ይህንን ምን ብዬ እመልሳለሁ? እናቴ ለእኔም እንዲሁ ስትል ነበር።

ቁልቁለቱ ላይ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። አዛውንቷን ተሰናብተን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተቀመጥን። የመጣው አውቶቡስ ጎኑ ላይ የኪንግ ፊት ተስሎበታል። ሲያትል ያለችበት ካውንቲ ኪንግ ይባላል፤ ስሙ መጀመሪያ የወጣለት ዊልያም ኪንግ ለሚባል የአላባማ ባሪያ አሳዳሪ ነበር። በ1986 ምክር ቤቱ ስሙ ከእንግዲህ የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ይሁን ብሎ ወሰነ፣ በ2005 የግዛቱ ሕግ ሆነ፣ በኋላም የካውንቲው የዘውድ ምልክት ተነሥቶ የእርሳቸው ፊት ገባ። ሰሌዳ እንኳ መቀየር አላስፈለጋቸውም።

አውቶቡሱ ውስጥ የወላይታዋን እናት ታሪክ ለልጅ ልጄ ነገርኳት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። እስክጨርስ ሰማችኝና «ልጁ ስሙ ማን ነበር?» አለችኝ።

ካርዱ ላይ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። አላስታወስኩትም።