ኤች ሕንፃ፦ ቶኒ ሴል ዳግም ያቆሙት ኮሎሰስ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ ምስጢር ፈቺዎች ይሠሩበት የነበረው ብሌችሊ ፓርክ ከለንደን በስተሰሜን ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በግቢው ካሉት ቤቶች አንዱ፣ ዝቅ ብሎ የተሠራው ኤች ሕንፃ፣ ዛሬ የብሪታንያ ብሔራዊ የኮምፒውተር ሙዚየም ነው።

ከደሴ አጠገብ፣ ከጦሳ ተራራ ማዶ፣ ከገራዶ ለመጣ ሰው ግቢው ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በ1933 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የነበረው የጣሊያን ጦር በሬዲዮ የሚለዋወጣቸውን ምስጢራዊ መልእክቶች የዚህ ግቢ ሰዎችና የካይሮ ባልደረቦቻቸው ፈትተው ያነቡ ነበር፤ የእንደራሴው የዱካ ዳኦስታ ዘገባ ሳይቀር። ጣሊያንን ከኢትዮጵያ ባስወጣው በዚያ ዘመቻ የደቡብ አፍሪካ ጦር ከአርበኞች ጋር የኮምቦልቻን በር አስለቅቆ ሚያዝያ 18 ቀን ደሴ ገባ። ምስጢር ለመፍታት የሚያግዘው ማሽን፣ ኮሎሰስ፣ ግን ያኔ ገና አልተወለደም። የተሠራው ለሌላ ጠላት፣ ለጀርመኑ የሎሬንዝ መመስጠሪያ ነው።

ዳግም የተሠራው ማሽን ያለበት ክፍል ሞቃት ነው። 2,500 ያህል የመስታወት ቫልቮች ይግላሉ። የተበሳ የወረቀት ጥብጣብ በመዘውሮች ላይ እየተሽከረከረ በሰከንድ 5,000 ፊደል ያስነብባል፤ ብርሃን በቀዳዳዎቹ ሲያልፍ ማሽኑ ይቆጥራል። ራሱ መልእክቱን አያወጣም፤ የሎሬንዝ ጎማዎች ከየት እንደተነሡ ያመለክታል። የመጀመሪያውን የሠሩት የፖስታ ቤቱ የስልክ መሐንዲስ ቶሚ ፍላወርስ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1944 መጀመሪያ እዚህ ደረሰ። ጦርነቱ ሲያልቅ አሥር ደርሰው ነበር። ከዚያ አብዛኞቹ እንዲፈራርሱ ታዘዘ፤ ፍላወርስም ንድፎቻቸውን በገዛ እጃቸው እሳት ውስጥ ጣሉ። ይህን ሳስብ ልቤ ይሰበራል፤ ሰው የዕድሜውን ታላቅ ሥራ አቃጥሎ ለአሥርተ ዓመታት ዝም እንዲል ተገደደ።

መሐንዲሱ ቶኒ ሴል ኮሎሰስን ዳግም መሥራት ሲጀምሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1993፣ በእጃቸው የነበረው ስምንት ፎቶግራፍና መሐንዲሶች ደብቀው ያቆዩት የንድፍ ቁርጥራጭ ነበር። ፎቶግራፎቹን ለክተው የእያንዳንዱን ክፍል መጠን አወጡ። የቀረውን ከሽማግሌዎቹ ጠየቁ፤ የጥብጣብ ማንበቢያውን ንድፍ አርኖልድ ሊንች፣ ያኔ ራሳቸው የነደፉት ሰው፣ መልሰው አሰቡላቸው። ዕቃው ከሚፈርሱ የስልክ ማዞሪያ ጣቢያዎች ተለቀመ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1996 ማሽኑ ሲለኮስ ፍላወርስ በቦታው ነበሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ዐረፉ። ሴል ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ የሚጠየቅ ሰው ባልተገኘ። ለእኔ ከሁሉ የሚልቀው ሥራቸው ይህ ነው፦ በጊዜ መጠየቃቸው። በመስታወት ውስጥ የተቆለፈ የሞተ ዕቃ አልተዉልንም፤ የሚሠራ ማሽን ነው የተዉልን።

ሥራው ሙሉ በሙሉ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በዚያ ዓመት ከጀርመን በሬዲዮ የተላከን የሎሬንዝ መልእክት ለመፍታት ውድድር ተደረገ፤ የቦኑ ዮአኪም ሹት በራሱ ፕሮግራም ቀደመ፣ ኮሎሰስም ተከትሎ ፈታው።

ሴል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2011 በ80 ዓመታቸው ዐረፉ። ማሽኑን አሁን በጎ ፈቃደኞች ያሠሩታል፤ የተቃጠለ ቫልቭ ይለውጣሉ፣ ጥብጣብ ይቀጥላሉ፣ የጎብኚን ጥያቄ ይመልሳሉ።