ጥላውን ማን ጠበቀው?

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ አራት ኪሎ አላወራም። ስለምኖርበት ሠፈር ላጫውታችሁ። መጨረሻ ላይ አራት ኪሎ መድረሳችን ግን አይቀርም።

የምኖረው ታኮማ ፓርክ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ያለች፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር ድንበር የምትጋራ ትንሽ ከተማ ናት። ለዲሲ አካባቢ ሐበሻ ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ "ታኮማ ነኝ" ስትሉት "አይ ዛፉ!" ይላችኋል። እውነቱን ነው። በግንቦት ስላይጎ ክሪክ የሚባለውን ወንዝ ይዛችሁ ስትሄዱ ሰማዩ በግድ ነው የሚታየው። የባሕር ማዶ እንግዳ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የማንሸራሽረው እዚያ ነው። አንዱ ዘመዴ ዙሪያውን አይቶ "አንተማ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ቤት ሠርተህ የለም እንዴ!" አለኝ።

አልሠራሁም። ተከራይ ነኝ። ሜፕል አቬኑ ላይ ከተደረደሩት ፎቆች በአንዱ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቀን ከሥራ ስገባ በበሩ ሥር ወረቀት ገብቶ አገኘሁ። አከራዩ በወር 140 ዶላር ጨምሬብሃለሁ ይላል። እኔ ምን አደረግሁ? ሁላችንም የምናደርገውን። ጓደኞቼ ጋ ደወልኩ፤ አብረን አማረርን፤ "ይሄ አገር እኮ አዛኝ የለውም" ተባባልን። ከዚያ ራቅ ብሎ ርካሽ ቤት ፍለጋ ስልኬን መጎርጎር ጀመርኩ። መልቀቄን ለራሴ አሳምኜ ጨርሼ ነበር።

ያዳኑኝ ሕንጻችን ውስጥ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። ልጃቸው አምጥታቸው የቀሩ፣ ሁላችንም "እማማ" የምንላቸው። ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተገናኘንና ፊቴን አይተው "አንተ ልጅ፣ ምን ሆነሃል?" አሉኝ። ነገርኳቸው።

"ከተማው ጽሕፈት ቤት ሄደህ ጠየቅህ?"

"ምን ሊሉኝ ነው እማማ?"

"ሳትጠይቃቸው ምን እንደሚሉህ በምን አወቅህ?"

አፍሬ ሄድኩ። ለካስ ታኮማ ፓርክ ከ40 ዓመት በላይ የቆየ የኪራይ ሕግ አላት። እንደ እኛ ባሉ ሕንጻዎች አከራይ በዓመት መጨመር የሚችለው ከዋጋ ግሽበት ጋር በተያያዘ ጣሪያ ልክ ነው። ሠራተኛዋ ወረቀቴን አየች፣ ደመረች፣ "ይሄ ከጣሪያው በላይ ነው" አለችኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በበሬ ሥር ሌላ ወረቀት ገባ። የተስተካከለ። ዘጠኝ ዓመት በኖርኩበት ከተማ እኔን የሚጠብቅ ሕግ መኖሩን ያወቅሁት ከልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው።

እማማን አመስግኜ "እንዴት አወቁ?" ብላቸው "እመርጥ የለም እንዴ!" አሉኝ። ግራ ገባኝ። እማማ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት የላቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታኮማ ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪዋ ለከተማዋ ከንቲባና ምክር ቤት ድምፅ እንዲሰጥ ፈቅዳለች። በ2013 ደግሞ 16 ዓመት የሞላቸውን ልጆች ጨመረች። ሃያትስቪልና ማውንት ሬይኒየርም ዜጋ ላልሆኑ ነዋሪዎች በራቸውን ከፍተዋል። በአንጻሩ ሐበሻ የሞላባት ጎረቤታችን ሲልቨር ስፕሪንግ በሕግ ከተማ አይደለችም፤ የራሷ ከንቲባ የላትም፤ የምትተዳደረው በካውንቲው ነው። አንድ ነገር አደራ፦ ይህ መብት ለከተማ ምርጫ ብቻ ነው። ለከተማው የተለየ ምዝገባና የተለየ የድምፅ ወረቀት አለው። ዜግነት የሌለው ሰው በፕሬዝዳንትና በኮንግረስ ምርጫ ቢገባ ወንጀል ነው፤ መኖሪያ ፈቃዱንም ያሳጣዋል።

ያን ማታ ስለ ሠፈሬ ማንበብ ጀመርኩ። ያ የምንመካበት ዛፍ በራሱ የቆመ ይመስለን ነበር። አይደለም። ግንዱ ዙሪያውን 60 ሴንቲ ሜትር ያህል የሞላ ዛፍ፣ በገዛ ግቢህ የበቀለ እንኳ ቢሆን፣ ያለ ከተማው ፈቃድ አይቆረጥም። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ፣ በ1960ዎቹ ሠፈሩን ሰንጥቆ ዲሲ የሚገባ ሰፊ አውራ ጎዳና ታቅዶ ነበር። በብዙ ቤቶች ላይ የሚያልፍ። ሳሚ አቦት የሚባል፣ ከአረብ ስደተኞች የተወለደ ሰው ጎረቤቶቹን አስተባብሮ ዓመታት ተከራከረ፤ ዲሲ ውስጥ መንገዱ ቤታቸውን የሚያፈርስባቸው ጥቁር ነዋሪዎችም አብረው ቆሙ። ጎዳናው ቀረ። በምትኩ ቀዩ የሜትሮ መስመር መጣ፤ የታኮማ ጣቢያ በ1978 ተከፈተ። አቦት በኋላ የከተማዋ ከንቲባ ሆነ። እኔ በየቀኑ ሥራ የምሄድበት ባቡር፣ እሑድ የምቀመጥበት ጥላ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ስብሰባ ተቀምጠው ያተረፉልኝ ነው።

አሁን ኑዛዜ። እማማ በሚመርጡባቸው በእነዚያ ዓመታት እኔ የት ነበርኩ? ዩቲዩብ ላይ። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስለ ሀገር ቤት ፖለቲካ እጽፋለሁ፣ እሳደባለሁ፣ እሰደባለሁ። የአዲስ አበባን ክፍለ ከተማ ሹም ስም አውቃለሁ፤ ከቤቴ በእግር የምደርስበት ምክር ቤት ውስጥ የሚወክለኝን ሰው ግን በመልክም አላውቀውም ነበር። የከተማው ማስታወቂያ በአማርኛ ተተርጉሞ ይመጣልኛል፤ እኔ ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር አብሬ እጥለዋለሁ።

ስለ ሀገር ማሰብ ጥፋት ነው እያልኩ አይደለም። እናቴ እዚያ ናት። እንቅልፍ የሚነሳኝም በምክንያት ነው። ግን እዚያ የማይሰማኝ ቦታ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ስጮህ፣ እዚህ ተናገር የተባልኩበት ቦታ ዝም አልኩ። ይህን ምን ትሉታላችሁ?

በመጨረሻ አንድ ስብሰባ ሄድኩ። ሠፈራችንን መልአክ ላደርገው አልፈልግም። ሰው ሁሉ እንደሚያወድሰው ጥላው እኩል አልተከፋፈለም። በረንዳ ያላቸው የድሮ የእንጨት ቤቶች ያሉበት መንገድ ዳስ ነው፤ የእኛ ፎቆች ፊት ደግሞ አስፋልት የመኪና ማቆሚያ። በሐምሌ ፀሐይ አምስት ደቂቃ ተራምዳችሁ ልዩነቱን በአናታችሁ ትለኩታላችሁ። ያን ማታ ተራ ይዘው የተናገሩት አብዛኞቹ ቤት ያላቸው፣ ጊዜ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ስለ መንገዳቸው፣ ስለ ዛፋቸው፣ ስለ ጸጥታቸው ተናገሩ። ክፋት አይደለም፤ የመጣ ሰው የራሱን ጉዳይ ያነሣል። የእኛን ጉዳይ የሚያነሣ ግን አልመጣም። ሁለተኛ ፈረቃ ላይ ነን፣ ታክሲ ላይ ነን፣ ወይም እንደ እኔ ስልክ ላይ ነን።

እማማን "ስብሰባው አይሰለችዎትም?" አልኳቸው። ሳቁ። "በደርግ ጊዜ የቀበሌ ስብሰባ ስንቱን እሑድ ፈጅቶብኛል! እዚያ የሚጠሩኝ እንዳጨበጭብ ነበር። እዚህ እኮ ስሜን ጽፈው ሦስት ደቂቃ ተናገሪ ይሉኛል። ታዲያ ሦስት ደቂቃ ይሰለቻል?"

እነሆ አራት ኪሎ ደረስን። ሀገር ቤት ይምጣ የምንለው ነገር ሁሉ፣ ሹም ተጠያቂ ይሁን፣ ነዋሪ ሳይጠየቅ ቤቱ አይነካ፣ የምንለው ሁሉ ልምድ ይፈልጋል። አንድ ቀን ዕድሉ ቢሰጠን በምን ልምዳችን ልንሠራበት ነው? እጃችን የለመደው ማጨብጨብና መሳደብ ብቻ ከሆነ ያንኑ ይዘን ነው የምንመለሰው።

የከተማችን ምርጫ በየሁለት ዓመቱ ኖቬምበር ላይ ነው። ባለፈው እማማን በመኪናዬ ወስጄ አብሬያቸው መረጥኩ። ስንመለስ "ለሚቀጥለው ብቻህን እንዳትመጣ፤ አራተኛ ፎቅ ያሉትን ልጆች ይዘህ ና" ብለውኛል። ልጆቹን አነጋግሬያቸዋለሁ። አንዱ "ሥራ አለብኝ" ብሏል፤ ሌላው እያሰበበት ነው።