«ዝጋውና ንገረኝ!»

ታናሽ ወንድሜ ሕክምና ትምህርት ቤት በገባ በሳምንቱ ሰፈርተኛው ሁሉ «ዶክተር» ይለው ጀመር። እናታችንም ጀበና በጣደች ቁጥር «ዶክተሬ» ማለት ለመደች። ስሙ ገና ሳይጸና ነው እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ማታ አናቶሚ መውደቁን ለእኔ ብቻ ሹክ ያለኝ። ድጋሚ ፈተናው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ያንንም ከወደቀ ይባረራል።

«እትዬ፣ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ'ኮ!»

አልዋሸም። ሃንድአውቱ ከዳር እስከ ዳር በቢጫ ማርከር ተሰምሮበታል። ሁሉም ከተሰመረበት ታዲያ ምኑ ተለየ?

እኔ ያለኝ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ነው፤ ስለ ነርቭ የማውቀው መናደድን ብቻ። አንድ ሙያ ግን አለኝ፤ መጠየቅ። ወረቀቱን ነጠቅሁትና «በል ንገረኝ» አልሁት። ክንድን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ከአንገት አካባቢ ከ5 ሥሮች ይነሳሉ፤ ተጋምደውና ተለያይተው በመጨረሻ 5 ዋና ዋና ቅርንጫፎች ይሆናሉ። ሁለቱን ጠርቶ ቆመ። ላብ አጠመቀው። ለካስ የለመደው የገጹን መልክ እንጂ ትምህርቱን አልነበረም!

ከዚያ በኋላ በየማታው ሃንድአውቱን ዘግቶ መረቡን በባዶ ወረቀት ላይ ይስላል፤ የሳተውን ብቻ ተመልሶ ያነባል። በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ እንደገና እጠይቀዋለሁ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የቆሎ ተማሪ የተቀበለውን ቀለም በቃሉ ይቀጽላል፤ መምህሩ ፊት ቀርቦም ያሰማል። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት ቀደሟቸው። ወንድሜ አራት ጊዜ ሲያነብ ያታለለችው ያቺ የ5 ደቂቃ ድል ነበረች።

ድጋሚውን አለፈ፤ በጭንቅ። እኔ የማልረሳው ግን ሌላ ነው። አንድ እሑድ ቡና ላይ እናታችን «ሌሊት ሌሊት እጄ እየደነዘዘ ይቀሰቅሰኛል» አለች። መዳፏን ያዘና፣

«አውራ ጣትሽ፣ ጠቋሚሽና መሐል ጣትሽ ነው አይደል እማዬ?» አላት።

«በምን አወቅህ ልጄ?»

በጣቱ አንጓዋ ላይ እያሰመረ፣ ነርቩ የሚያልፍበት ጠባብ መተላለፊያ እንዳለ፣ እዚያ ሲጫነው ጣት እንደሚደነዝዝ ነገራት። «ሊሆን ይችላል ነው የምልሽ፤ ሐኪም ይየው» ሲልም ጨመረ።

ሃንድአውቱ መኝታ ቤት ነበር። እኔም ስኒዬን እንደያዝሁ የምጠይቀው አጣሁ።